ሐምራዊው ክዳን

በሰሜን አውሮፓ በርች የሚባለው ዛፍ ብናኙን በሚበትንበት ወቅት፣ አንድ የአለርጂ ላቦራቶሪ ውስጥ የስድስት ሰዎች ደም በአንድ ጠዋት «ምላሽ የለም» ተብሎ ወጣ። ስድስቱም ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ ያሰቃያቸዋል፤ የሁለቱ ቆዳ ደግሞ በበርች ተፈትኖ አብጧል።

ምርመራው የባዞፊል (በአለርጂ የሚሳተፍ የነጭ ደም ሴል) ማነቃቂያ ይባላል። ደሙ ላይ የብናኙ ፕሮቲን ይጨመርና በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ባዞፊሉ ሂስታሚን የተባለውን የአለርጂ ምልክት አምጪ ኬሚካል የቋጠሩትን ከረጢቶቹን ከዘረገፈ፣ ውስጥ የነበረው ሲዲ63 የሚባል ፕሮቲን ወደ ሴሉ ገጽ ይወጣል፤ ፍሎው ሳይቶሜትር የተባለው የሴል መቁጠሪያ መሣሪያም እነዚህን ሴሎች ለይቶ ይቆጥራል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሴቲሪዚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ነበር። ለቆዳ ምርመራ ቢሆን ትክክል ነው። እዚህ ግን አያስኬድም፤ መድኃኒቱ የሚዘጋው ሂስታሚን የሚያርፍበትን መቀበያ ነው፣ የባዞፊሉን ከረጢት አይደለም። በአፍ የሚወሰድ ስቴሮይድ ቢሆን ኖሮ መጠየቁ አይከፋም ነበር።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ይሻላል። ብናኙ ሴሉ ላይ የተቀመጡትን አይጂኢ የሚባሉ የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካላት ሲያቆራኛቸው፣ ሊን የተባለው ኢንዛይም የአይጂኢው መቀበያ ጭራ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ሲክ የተባለው ሌላው ኢንዛይም እዚያ ላይ ይይዝና ይነቃል። የአንዳንድ ሰዎች ባዞፊል ሲክ ስለሚያንሰው መልእክቱ እዚያው ይቀራል። ለዚህም ነው ሁለት ዓይነት አዎንታዊ ኮንትሮል (ምርመራው ራሱ መሥራቱን የሚያሳይ ማነጻጸሪያ) የሚያስፈልገው፦ ፀረ-አይጂኢ በሲክ በኩል ያልፋል፣ ኤፍኤምኤልፒ የተባለው አነስተኛ ፔፕታይድ ግን ሲክን በማይፈልግ ሌላ መቀበያ ይገባል። ሲክ ያነሰው ሰው ላይ የመጀመሪያው ዝም ሲል ሁለተኛው ይሠራል። ያን ጠዋት ግን በስድስቱም ሰዎች ሁለቱም ዝም አሉ።

ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ሁለቱ መንገዶች ከተገናኙ በኋላ ነው ማለት ነው። የሚገናኙትም ካልሲየም ላይ ነው። በሁለቱም በኩል የፎስፎሊፔዝ ሲ ቤተሰብ ኢንዛይሞች ከሴሉ ሽፋን አይፒ3 የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል ቆርጠው ያወጣሉ፤ አይፒ3 የሴሉን የካልሲየም ጎተራ ያራግፋል፤ ጎተራው ሲጎድል የውጭውን ካልሲየም የሚያስገባው በር ይከፈታል። ውጭ ካልሲየም ከሌለ ከረጢቱ አይዘረገፍም፣ ኢንዛይሞቹ የቱንም ያህል ቢተጉ።

ደሙ የተቀዳባቸው ቱቦዎች ሲታዩ ሐምራዊ ክዳን አላቸው፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ፣ በሚሊ ሊትር ደም 1.8 ሚሊ ግራም ገደማ። ይህ ካልሲየሙን ጠራርጎ ለመያዝ ይበቃል። ደም ቀጂዎቹ አልተሳሳቱም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሐምራዊ ይላል። የቀድሞው ኪት (የምርመራው ዕቃዎች ስብስብ) መፍትሔው ውስጥ በቂ ካልሲየም መልሶ ስለሚጨምር በኢዲቲኤ ደም ይሠራ ነበር። አዲሱ ኪት አረንጓዴ ክዳን፣ ማለትም ሄፓሪን የተባለውን ሌላ የደም መርጋት መከላከያ ይፈልጋል። ካርቶኑ ተቀየረ፣ ወረቀቱ ቀረ። የሚያስቀው ደግሞ በአዲሱ ኪት ኢዲቲኤ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ምላሹን ለማስቆም። ማቆሚያው ከጅምሩ ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ውጤቱ ሳይሰጥ ተያዘ፤ ታካሚዎቹ ተጠርተው ደማቸው በሄፓሪን ተቀዳ፣ በአራት ሰዓት ውስጥም ተሠራ። አምስቱ በርች ላይ ጥርት ያለ ምላሽ ሰጡ። በስድስተኛው ሰው ደም ፀረ-አይጂኢ አሁንም ዝም አለ፣ ኤፍኤምኤልፒ ግን ሠራ። በእሱ ሪፖርት ላይ «ነጋቲቭ» ሳይሆን «በዚህ ምርመራ መተርጎም አይቻልም» ተብሎ ተጻፈና ወደ ቆዳ ምርመራ ተላከ።