የሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ ቱቦው ምን ይሆናል?

እናቴ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ዘመዶች «ከእንግዲህ ሐሞት ከየት ታገኛለች?» እያሉ ይጠይቁናል። ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው፤ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል። ከረጢቱ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ማከማቻ ሲሆን፣ ሥራው የተቀበለውን ሐሞት ውኃውን እየመጠጠ ማወፈር፣ ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስም ተኮማትሮ መልቀቅ ነው።

ማከማቻው ሲወጣ ሥራው የሚለወጠው ሐሞትን ከጉበት ወደ ትንሹ አንጀት በሚያወርደው በዋናው የሐሞት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ከአንጀት ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ፤ ጣሊያናዊው ሩጄሮ ኦዲ እ.ኤ.አ. በ1887 ስላጠናው በስሙ ይጠራል። ቀድሞ ቀለበቱ ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ ከረጢቱ ይገባ ነበር፤ አሁን መጠራቀሚያ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያውቀው ይለምደዋል፤ አንዳንዱን ግን፣ የሐሞት አሲድ ወደ ትልቁ አንጀት ስለሚያልፍ፣ ተቅማጥ ያስቸግረዋል። ለዚህም ነው የሁዳዴን ጾም የጾመች እናቴ በፋሲካ ቅቤ የበዛበትን ዶሮ ወጥ በትንሽ በትንሹ እንድትጀምር የምንለምናት።

በኋላ በአልትራሳውንድ ስትታይ ቱቦው 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘና ቤተሰቡ ሁሉ ደነገጠ፤ ብዙ ጊዜ ጤናማ የሚባለው እስከ 6 ነውና። ይሁን እንጂ ከረጢቱ በወጣለት ሰው ቱቦው በመጠኑ መስፋቱ የተለመደ ነው፤ ዕድሜም ያሰፋዋል። ሐኪሙ ያረጋጋን ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሳይሆን፣ ሕመም እንደሌላት ጠይቆ፣ በደም ምርመራ የቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም) እና የጉበት ኢንዛይም ውጤቷም ደህና መሆኑን አረጋግጦ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ከረጢቱ ወጥቷል፣ የሐሞት ጠጠር አበቃ» የሚለው እምነት ነው። ቀድሞ ወደ ቱቦው የወረደ ጠጠር ሳይታይ ሊቀር፣ ከዓመታት በኋላም እዚያው አዲስ ሊፈጠር ይችላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከላይኛው ሆድ የሚነሣ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል ይዋጥበታል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረና ሰገራ ከነጣ ግን ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት ኢንፌክሽን ስለሚያሠጋ ለነገ ሳይባል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ለሐኪሙም ከረጢቱ መውጣቱን አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ በቱቦው የቀረ ጠጠር ብዙ ጊዜ በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ተጣጣፊ መሣሪያ)፣ ሆድ ሳይከፈት ይወጣል።