የስኩተሯ ጎማ እስከ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ይዞራል?

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አጎቷ ከአዲስ አበባ ስኩተር ሲልክላት እኔን ያሳሰበኝ ትምህርቷ ሳይሆን ጥርሷ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ያለው የሰፈራችን መንገድ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮብልስቶን ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። «እማዬ፣ በስኩተር አያቴ ቤት ብሄድ ጎማው ስንት ጊዜ ይዞራል?» አለችኝ። አያቷ የሚኖሩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከእኛ ከተማ እስከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስልኬ አስልቼ ልነግራት ከጀመርኩ በኋላ ተውኩትና ጠመኔና የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘን ወጣን። በጎማው ጠርዝ ላይ ነጥብ አድርገን፣ ነጥቡ መሬት የነካበትን ቦታ በመስመር ምልክት ካደረግን በኋላ፣ እሷ ስኩተሩን ቀስ ብላ እየገፋች አስር ዙር ቆጠረች። ርቀቱ 3 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ አንድ ዙር 37.5 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ለአስር ሲካፈል ነጥቧ ለምን ቦታ እንደምትለውጥ ገብቷት የማያውቅ ልጅ፣ ሜትሩን መሬት ላይ ዘርግታ በዓይኗ አየችው። 130 ኪሎ ሜትሩን ወደ 13 ሚሊዮን ሳንቲ ሜትር ለውጣ ስታካፍለው 346,667 ዙር ያህል ወጣላት።

በዚያ አላበቃም። ጎማው ከዳር እስከ ዳር በመሃሉ ሲለካ 12 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ዙሪያውን ለዚያ ስታካፍል 3.125 አገኘች። ከዚያ የድስት ክዳን፣ የስኒ አፍ፣ በመጨረሻም ምጣዱን ሳይቀር ለክታ «ሁሉም ሦስት ከምናምን ነው!» አለች። ቁጥሩ ፓይ እንደሚባልና 3.14 ያህል እንደሆነ ስነግራት፣ የተደሰተች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷ ጠቆረና «ታዲያ ተሳስተናል» አለች። እውነቷን ነው። በ3.14 ሲሰላ አንድ ዙር 37.68 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህች ኢምንት ስህተት ግን አዲስ አበባ እስኪደረስ ድረስ ስትጠራቀም ከ1,600 ዙር በላይ ትሆናለች። እኔ ራሴ በትምህርት ቤት ዘመኔ የልኬት ስህተት ምን እንደሚያደርግ እንዲህ የገባኝ አይመስለኝም።

ሳይንሱ የመጣው በኅዳር ነው። የኅዳርን ውርጭ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የስኩተሩ መሪ የቀኝ መያዣ ጎማ ወልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ በረንዳ ላይ ካደረ በኋላ ስትይዘው ቀኝ እጇን መንጭቃ አነሳች። «ሁለቱም እኮ አብረው ነው ያደሩት፤ ብረቱ ለምን የበለጠ ይቀዘቅዛል?» አለችኝ። ሁለቱም ቅዝቃዜያቸው እኩል ነው፤ ብረቱ ግን የእጅን ሙቀት ከጎማው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወስድ ነው ብላት አላመነችኝም። ቴርሞሜትር ስላልነበረን ሳላሳምናት ቀረሁ። ብረቱን በጨርቅ ጠቀለልነው።

ስለ ኒውተን የከፈልነው ዋጋ ደግሞ አንድ የተላጠ ጉልበት ነው። ፊተኛው ጎማ በሁለት የኮብልስቶን ድንጋዮች መካከል ተቀርቅሮ ስኩተሩ ቀጥ ሲል፣ እሷ ግን በመሪው ላይ አልፋ ወደፊት ተወረወረች። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ፣ በመንቀሳቀስ ላይ ያለ አካል የሚያግደው ኃይል እስካልገጠመው ድረስ በዚያው ፍጥነትና አቅጣጫ ይቀጥላል የሚለው፣ ማለት ይኸው ነው። ቁስሏን በሞቀ ውኃ እያጠብኩ ስለ ሕጉ አላወራሁም፤ ያወራሁት በማግስቱ ነው።

ጥፋቱ የእኔ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሂሳቡ እንዲህ ከሠመረ ብዬ በየቀኑ ሰዓት ይዤ በር ላይ መቆም ጀመርኩ፤ ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ፍጥነት ስንት ነው፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሰበቃው ለምን በዛ፣ ስበቱስ ወዴት ይጎትትሻል እያልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ስኩተሩን ከግድግዳ አስደግፋ ቤት ውስጥ ቁጭ አለች። ስጠይቃት «እማዬ፣ ዛሬ ዝም ብዬ ልንዳ?» አለችኝ። ደንግጬ ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ወር ያህል ያለ አንድ ጥያቄ ነዳች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ታናሽ ወንድሟን ከኋላዋ አቁማ ቁልቁለቷን ወርዳ፣ እያለከለከች መጣችና፣ ብቻዋን ስትሆን የኋላውን ፍሬን ረግጣ ከምትቆምበት ቦታ ከእሱ ጋር ለምን እንደምታልፍ ጠየቀችኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «በስንት ነው የምታልፊው?» አልኳት። አላወቀችም፤ ጠመኔውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስታ ወንድሟን እየጎተተች ተመልሳ ወጣች።