የሐረናን መንገድ በእግር፦ አራዊቱን እንዴት ቆጠርኩ፣ ምን ተማርኩ

በባሌ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ከሚያድንበት ቦታ ይነሳና ቁልቁል ይወርዳል። አስታውን፣ ኮሶውን፣ ቀርከሃውን፣ ዝግባውን እያለፈ የጫካ ቡና እስከሚበቅልበት ድረስ ሐረና ደንን ለሁለት ከፍሎ ይሄዳል። የደኑ ሰፊ ክፍል የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚሞቱትን አራዊት መቁጠር የጀመርኩት ሰው ሁሉ ስለ መንገድና ስለ አራዊት ሲያወራ የሚያነሳውን ጥያቄ ይዤ ነው፤ ስንት እንስሳ ይገጫል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መንገድ በደን ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ትንሹን ክፍል ብቻ ነው የሚነካው።

መጀመሪያ የፓርኩን ፈቃድ አወጣሁ፤ አንድ ስካውትም (የፓርክ ጠባቂ) አብሮኝ እንዲሄድ ተመደበ። ሐረና ውስጥ አንበሳም ነብርም አለ፤ ሳይነጋ ብቻውን የሚሄድ ሰው ለራሱም ለፓርኩም ችግር ነው። ቆጠራውን በመኪና አልሞከርኩትም። ከመኪና መስኮት ጅብና ዝንጀሮ ይታይ ይሆናል፤ እንቁራሪት፣ እስስትና እባብ ግን አይታይም። ዝናባማ ደን ውስጥ ደግሞ ጎማ በብዛት የሚጨፈልቀው እነዚህን ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ በእግር እንነሳለን፤ በአንዱ ጠርዝ ወርደን በሌላው ጠርዝ እንመለሳለን። ጠርዝ መቀየሩ ግዴታ ነው፤ ከመንገዱ መሃል ሆኖ የሚያይ ሰው ቦዩ ውስጥ ያለውን አያይም።

በድን ባገኘን ቁጥር በስልክ ጂፒኤስ ቦታውን እንይዛለን፤ ዓይነቱን፣ የየትኛው ጠርዝ እንደሆነና ከላይ ቅርንጫፍ መኖር አለመኖሩን እንጽፋለን። ፎቶ እናነሳና ከጎኑ ያለ ድንጋይ ላይ ቀለም እንቀባለን። የድንጋዩን ነገር ለማንም አጥብቄ እመክራለሁ። በማግስቱ ስንመለስ ድንጋዩ አለ፣ በድኑ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ትልቁን በድን ጅብ ሌሊት ይወስደዋል፤ ትንሹን በድን ቁራ ወይም ጉንዳን ፀሐይ ሳይሞቅ ይጨርሰዋል። ቆስሎ ጫካ ገብቶ የሚሞተውን ደግሞ ማን ይቆጥረዋል? ማንም ቆጣሪ በወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ቁጥር ከእውነቱ በታች ነው። በድን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠፋ ሳይለካ «እዚህ መንገድ ላይ ይህን ያህል ሞተ» የሚል ሪፖርት ባነብ አላምነውም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ቀና ብሎ ማየት ነው። በየመቶ ሜትሩ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ወደ ላይ እያየሁ ሦስት ዓይነት ምልክት አደርግ ነበር፦ ቅርንጫፎቹ ይነካካሉ፤ አይነካኩም ግን ጉሬዛ ሊዘለው ይችላል፤ ጭራሽ ሰማይ ነው። ከግንድ እስከ ግንድ ያለውን ስፋትም በሜትር ለካሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ደኑ ውስጥ ካለችው ከሪራ መንደር በታች ሦስተኛው ዓይነት ቦታ ላይ የጉሬዛ መንጋ አገኘን። አውራው ወደ መጨረሻው ቅርንጫፍ መጣ፤ ቅርንጫፉ ከክብደቱ የተነሳ ጎበጠ፤ ማዶውን አየና ተመለሰ። ከዚያ በግንዱ ወርዶ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ረጅሙ ነጭ ጭራው ጠጠሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አንዲት እናት ከኋላው ወረደች፤ ሆዷ ላይ ገና ያልጠቆረ ግልገል ተለጥፏል፤ የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው። የአይሱዙ ድምፅ ከታች ሲሰማ ሁሉም ተመልሰው ወጡ። ያን ጠዋት እኛ እስከሄድንበት ሰዓት ድረስ አልተሻገሩም። በዚያ ቦታ የተገጨ ጉሬዛ አላገኘሁም፤ በቆጠራ ቅጽ ላይ «ምንም» ተብሎ የሚጻፍ ቦታ ነው። መንጋው ግን ማዶ ካለው ምግቡ ተቆርጧል።

የባሌ ጦጣ ጉዳይ ከዚህ የባሰ ያሳስበኛል። ይህ እንስሳ የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። መንገድ ሲሰፋ ጠርዙ ላይ ያለው ቀርከሃ ይመነጠራል፤ የቀረውንም ለመቁረጥና ለመጫን ይቀላል።

ሪራ ያሉ አንድ አዛውንት የምንፈልገውን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ መንገዱ ላይ ምን ትሠራለህ? ወደ ቱቦው ውረድ» አሉኝ። ውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎቹን ማለታቸው ነው። ወረድን። በቱቦው አፍ ላይ ደለሉን በመጥረጊያ ደልድለን አደርን፤ ጠዋት የጃርትና የጥርኝ ዱካ ታትሞበት አገኘን። ከዚያ ወዲያ ቱቦ ማየት የሥራው ክፍል ሆነ። ሰፋ ያለና ውሃው ሲጎድል ደረቅ ጠርዝ የሚተርፈው ቱቦ እንስሳ ያሳልፋል፤ ጠባቡና ሁልጊዜ ውሃ የሚሞላው አያሳልፍም። ለመንገድ መሐንዲስ ይህ የወጪ ልዩነቱ ትንሽ ነገር ነው፤ ዲዛይኑ ላይ ቀድሞ ከገባ።

ከመንገዱ ወደ ጎን የሚገቡትን የእግር መንገዶችም መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ ወደ ቀፎ፣ አንዱ ወደ ቀርከሃ፣ አንዱ ወደ ቡና፣ አንዱ ወደ ከብት ማሰማሪያ ይሄዳል። እዚያ የሚኖረው ሰው መንገድ ያስፈልገዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጎባ ሆስፒታል የምትደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። መንገድ አይሠራ የሚል ሰው አይደለሁም። ግን ደንን የሚበላው ዋናው መንገድ ሳይሆን ቅርንጫፎቹ ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በብራዚል አማዞን ከተመነጠረው ደን 95 በመቶ ያህሉ ከመንገድ በ5.5 ኪሎ ሜትር ወይም መርከብ ከሚሄድበት ወንዝ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። በኮንጎ ተፋሰስ ደግሞ የጫካ ዝሆን ከፓርክ ውጭ ያለ መንገድን ይሸሻል፤ መንገድ ባለበት ጠመንጃ እንደሚመጣ ተምሯል።

በእኛ በኩል ሰውን ተከትሎ የሚመጣው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ገብቶ በደረሰበት አካባቢ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ሆነው፣ ግማሽ ያህሉ ባሌ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ቅጼ ላይ «ውሻ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከመንደር ምን ያህል እንደራቀ ጭምር።

መፍትሔው ሌላ ቦታ ተሞክሯል። ኬንያ ዲያኒ ውስጥ የጉሬዛ ዘመድ ለሆኑት ኮሎበስ ጦጣዎች ከመንገዱ በላይ የገመድ ድልድይ ተዘርግቶላቸው ይሻገሩበታል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድም ከዛፍ እምብዛም የማይወርዱ ፖሰም የተባሉ እንስሳት በተመሳሳይ ገመድ እንደሚሻገሩ ተረጋግጧል። ሕንድ ባንዲፑር ላይ ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጫካው የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሌሊት ለአብዛኛው ተሽከርካሪ ዝግ ነው። ለሐረና ከሁሉም የሚረክሰው ግን የተነካካውን ቅርንጫፍ አለመቁረጥ ነው። ገመድ የሚያስፈልገው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው።

እንደ ካፋ፣ ሸካ ወይም ያዩ ባሉ ደኖች ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ለምታስቡ፦ ማሽን ከመግባቱ በፊት ጀምሩ፤ ክረምቱንም በጋውንም ያዙ፤ እንቁራሪት በበጋ አይቆጠርም። ከሁሉ በፊት በላይ የሚነካኩትን ዛፎች አንድ በአንድ በካርታ ላይ አስቀምጡና ቅየሳው ሳያልቅ ለቀያሾቹ ስጧቸው። ቀያሽ የትኛው ዛፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ከተነገረው ብዙ ጊዜ መስመሩን በጥቂት ሜትር ማዞር ይችላል፤ ግሬደሩ ከደረሰ በኋላ ግን አይችልም።