ፋንታ ነው ወይስ ኮካ?

ቲቢ ክፍል ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። መድኃኒት ለሚጀምር ሰው የምለውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ሽንትዎ ይቀላል፣ አይደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።» ውሸት አይደለም። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንት ቀርቶ ላብና እንባንም ብርቱካንማ ያደርጋል፣ ጉዳት የለውም።

አንድ ሸማኔ ነበሩ፣ ሃምሳን የተሻገሩ። በሦስተኛው ሳምንት መጥተው «ሲስተር፣ ሽንቴ ጠቆረብኝ» አሉኝ። ውጭ ወረፋው ተሰልፏል፣ እኔ ኪኒን እየቆጠርኩ ነው። ቀና እንኳ ሳልል «ነግሬዎት የለ ጋሼ? መድኃኒቱ ነው» አልኳቸው። እሺ ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ደግፈው አመጧቸው። ምግብ ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው ነው ያደረው። «ልጄ፣ ይሄ የወፍ በሽታ ነው፣ ዓይኑን እዪው» አሉኝ። በክፍሌ አምፖል ምንም አይታይም። በረንዳ ላይ አውጥቼ የዓይናቸውን ቆብ ወደ ላይ ያዝ ሳደርግ ነጩ እርድ መስሏል። ሽንታቸውን በብልቃጥ አስመጣሁ። ፋንታ መሆን የነበረበት ኮካ ሆኗል።

«ቀይማ አላልኩሽም፣ ጠቆረ ነው ያልኩሽ» አሉኝ ጋሼ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው እኮ!

ጉበት ነበር። ከአራቱ መድኃኒቶች ሦስቱ፣ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ፣ ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ (ኢታምቡቶል ጣጣው ከዓይን ጋር ነው)። ኤስጂፒቲ፣ የጉበት ጉዳት የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ከመደበኛው አምስት እጥፍ አልፎ መጣ። ሁሉንም አቁመን በሪፈር ሆስፒታል ላክናቸው። ባለቤታቸው ለወፍ የሚሆን ቅጠል ጨምቀው ሊያጠጧቸው አዘጋጅተው እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው። በታመመ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ቅጠል! እግዜር አወጣን።

ጉበታቸው ሲያገግም መድኃኒቱን አንድ በአንድ፣ ከሪፋምፒሲን ጀምረው መለሱላቸው። ፒራዚናማይድ ቀረ፣ በእሱ ምክንያት የ6 ወሩ ሕክምና 9 ወር ሆነ። ሦስት ወር ሙሉ ተጨማሪ ኪኒን! እኔን አንድም ቀን አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ንግግሬን ቀይሬዋለሁ። «ብርቱካንማ ከሆነ አይደንግጡ። ኮካ ከመሰለ፣ ምግብ ካስጠላዎት ወይ ካስመለሰዎት ግን ኪኒኑን ሳይወስዱ በዚያው ቀን ይምጡ።» ስለ ቅጠልና ስለ አረቄም እጠይቃለሁ። ዓይን የማየው በረንዳ ላይ ነው፣ ወረፋው ያጉረምርም።

ጋሼ መድኃኒታቸውን እስኪጨርሱ በመጡ ቁጥር «ዛሬስ እንዴት ነው?» እላቸው ነበር።

«ፋንታ ነው ሲስተር» ይሉኛል፣ ሰው እየሰማ።