አሮጌ ኮሮላ ይዞ ድሬ መውረድ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። እኔ ግን ድሬዳዋ በኮሮላዬ እሄዳለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራች ናት። ዘይቷን፣ ካንዴላዋን፣ የፍሬን ሸራዋን የምቀይረው ራሴ ነኝ። ጋራዥ አላምንም። ስለ አንዲት ድምፅ ጠይቀህ ብትገባ ሞተር ይውረድ ይሉሃል።

እስከ አዋሽ የሚወራ የለም። ሙቀት፣ የጭነት መኪና፣ ግመል።

ከአሰበ ተፈሪ በኋላ ዳገቱ ሲበረታ የሙቀት መርፌው ከመሃል ተነስቶ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። ኤሲውን አጠፋሁ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ይሻማል፤ መርፌው ትንሽ ይመለሳል። አብሮኝ የነበረው የአጎቴ ልጅ ይሄን ሊረዳልኝ አልፈለገም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እስከ ጨለንቆ አላናገረኝም።

ጨለንቆ ቆምን። የጋለ ራዲያተር አይከፈትም፣ ስለዚህ ተቀምጠን ጠበቅን። አንድ ልጅ ውሃ በጀሪካን ይዞ መጣ። ሁለት መቶ ብር! እኔ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ብትመጣም እንዲህ አትወደድም። ተከራክሬ በመቶ ሃምሳ ገዛሁ፤ ቁልቢ እስክንደርስ ግን ስነጫነጭ ነበር። የአጎቴ ልጅ ገብርኤልን ተሳልሞ ሲመለስ «ለራዲያተሩም ጸልያለሁ» አለኝ።

ከደንገጎ ወደ ድሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ወደ 1,200 ገደማ ነው የሚወረደው። በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ፍሬኑ ይሸታል፣ መብራቱ አይጠፋም። ከመነሳቴ በፊት የፍሬን ዘይት መቀየሬን ያመሰገንኩት እዚያ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ያረጀ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላና ፔዳሉ እግርህ ስር ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው፤ ግን ስንቱ ይቀይራል?

ድሬ የገባነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሱቁ ዝግ፣ ጋራዡ ዝግ። ዘበኛውን ስጠይቀው «አሁን ማን ይሠራል አቦ! አስር ሰዓት ና» አለኝ። አዲስ አበባ የምሳ ዕረፍት የአንድ ሰዓት ናት፣ እሷም በስልክ ታልቃለች። እዚህ ከተማው በሙሉ ጥላ ስር ነው። ተናደድኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ፀሐይዋ ገባችኝ።

ሌሊቱን ባላነሳው ደስ ይለኛል። ስምንት መቶ ብር የከፈልንበት ክፍል ቬንትሌተር ይንቋቋል እንጂ አይዞርም። ተነስቼ ካቻቢቴዬን አምጥቼ ልፈታው ስል የአጎቴ ልጅ ከለከለኝ።

በማግስቱ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ ስር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘን። ድሮ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ይሠራ እንደነበር ነገረን። ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ፣ የራዲያተሩን የላይኛ ጎማ ጨመቅ አደረገ። ከዚያ ክዳኑን አውጥቶ በጥፍሩ የክዳኑን ጎማ ነካ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ራዲያተርህ ደህና ነው። ክዳኑ ነው አቦ።»

ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ ተጽፏል። ያን ያህል ግፊት አፍኖ ከያዘ ውሃው ከመቶ ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ካልያዘ ግን እንደ ማንኛውም ውሃ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የእኔ መኪና ቬንትሌተር የሚነሳውም እዚያው አካባቢ ነው። ከተማ ውስጥ ችግሩ አይታይም። የሐረርጌ ዳገት ግን ጊዜ አይሰጥም።

የጨለንቆን ውሃ ሙሉ በሙሉ አስፈሰሰኝ። የቧንቧ ውሃ ልመልስ ስል የሻይ ጀበናውን አምጥቶ ውስጡን አሳየኝ። ነጭ ሆኖ ጠጥሯል። የድሬ ውሃ እንዲህ ነው፤ ኖራው ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። የተጣራ የባትሪ ውሃና ኩላንት እኩል ቀላቅለን ሞላን። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የምታግደው ቴርሞስታት በቦታዋ መሆኗን ሲያውቅ ደስ አለው። መኪና በጋለ ቁጥር እሷን አውልቆ የሚጥል መካኒክ ሞልቷል።

ክዳኑን ከወለቀ ኮሮላ አምጥቶ ሦስት መቶ ብር አስከፈለኝ፤ ለእጁ ምንም። አዲስ አበባ ቢሆን «ምን ፈልጎ ነው?» እል ነበር። እውነቱን ለመናገር እዚህም ብያለሁ።

ደንገጎን ስንወጣ መርፌው መሃል ላይ ተቀመጠ። ሐሮማያን፣ አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን።

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ፔጆ 404 ታክሲ አየሁ። ባጃጅ ከብቦታል። ሾፌሩን ለምኜ ኮፈኑን አስከፈትኩት። ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሟል፣ እጅ እስከ ክርን ይገባል። ቬንትሌተሩ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይለቃል፣ ሲግል በማግኔት ይያዛል። ይሄን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሥራታቸው ገረመኝ። ይቺው መኪና የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ አሸንፋለች።

ሾፌሩ በተራው የእኔን አየ። የራዲያተሩን ጫፍ በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

«ፕላስቲክ ነው እንዴ? የእኔ ነሐስ ነው፤ ሲያፈስ አስበይደዋለሁ። አንተ ይሄ ሲሰነጠቅ ምን ታደርጋለህ?»

መልስ ሳልሰጠው ጫት የተሸከሙ ሁለት እናቶች መጡና ወሰዱት።