ደመወዝ ሲጎድል ከየት ይጀመራል?

ለዓመታት ደመወዝ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ በየወሩ መጨረሻ የሚነሡ ቅሬታዎችን የማውቃቸው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከከፋዩ ወገን ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወንበር ሆኖ ለሚያይ ሰው «ደመወዜ ጎድሏል» ብሎ የሚመጣ ሠራተኛና «የስምንት ሰዓት የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልተያዘልኝም» ብሎ የሚመጣ ሠራተኛ የሚያገኙት መልስ እጅግ ይለያያል። የመጀመሪያው «እናየዋለን» ተብሎ ይሸኛል፤ ለሁለተኛው ግን የሰዓት መቆጣጠሪያው ወረቀት እዚያው ወጥቶ መታየት አለበት። ስሕተቱን ፈልጎ የማግኘት ሸክም በሠራተኛው ላይ መውደቁ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሆኖም ገንዘቡን ቶሎ የሚያስመልሰው መንገድ ይኸው ነው።

ወደ ባንክ የገባው መጠን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጠቅላላ ደመወዙ በትክክል ተይዞ ተቀናሹ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ተቀናሹ ትክክል ሆኖ መነሻው አንሶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የወሩን የደመወዝ ዝርዝር፣ ማለትም ጠቅላላውን፣ እያንዳንዱን ተቀናሽና የተጣራውን ክፍያ ለየብቻ የሚያሳየውን ወረቀት መጠየቅ ይገባል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ስለ ደመወዝ ጥበቃ የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 95፣ ሠራተኛው በእያንዳንዱ ክፍያ ጊዜ፣ ዝርዝሩ የሚለዋወጥ እስከሆነ ድረስ፣ ደመወዙ ከምን ከምን እንደተገኘ እንዲያውቅ መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ቢሆንም፣ ዝርዝር መጠየቅ የትም ቦታ ቢሆን እንደ ድፍረት ሊቆጠር አይገባም።

ዝርዝሩን ከቅጥር ውሉ፣ ከመጨረሻው የጭማሪ ደብዳቤና ከራስዎ የሰዓት ማስታወሻ ጎን አስቀምጠው መስመር በመስመር ያስተያዩ። ከተንኮል ይልቅ ከአሠራር የሚመጡ ጉድለቶች የሚበዙት በጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። ደመወዝ ከሚከፈልበት ቀን አስቀድሞ መረጃ መቀበል የሚያበቃበት ቀን አለ፤ የጭማሪ ደብዳቤው ከዚያ ቀን በኋላ ከደረሰ ጭማሪው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ያለፈው ልዩነት ተረስቶ አዲሱ ደመወዝ ብቻ ይከፈላል። የትርፍ ሰዓት ቅጽ የኃላፊ ፊርማ ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የዓመት ፈቃድ ያለ ክፍያ እንደተወሰደ ፈቃድ ይመዘገባል። ተከፍሎ ያለቀ ብድር በየወሩ በሚደገመው ተቀናሽ ውስጥ ሳይሰረዝ ይቆያል።

በወር መካከል ሥራ የጀመሩ ወይም የለቀቁ ሰዎች ደግሞ አካፋዩን ለይተው ይጠይቁ። በወር 10,000 የሚከፈለው ሰው 31 ቀን ባለው ወር በ11ኛው ቀን ሥራ ጀመረ እንበል። ክፍያው በ31 ተካፍሎ በ21 ቀን ሲባዛ 6,774.19 ይሆናል፤ በ30 ተካፍሎ በ21 ሲባዛ 7,000 ይሆናል፤ ያልሠራባቸው 10 ቀናት በ30 ስሌት ሲቀነሱበት ደግሞ 6,666.67 ይደርሰዋል። ሦስቱንም ሲሠራባቸው አይቻለሁ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው የአገሩ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነቱ ወይም የድርጅቱ የጽሑፍ ደንብ ስለሆነ፣ ሊጠየቅ የሚገባው «ለምን አነሰ?» ሳይሆን «በየትኛው ደንብ አሰላችሁት?» የሚለው ነው። አንዱ ስሌት ለሚጀምር፣ ሌላው ለሚለቅ ሠራተኛ ሲውልና ሁለቱም ለድርጅቱ ሲያደሉ ካዩ ጉዳዩን እንደ ተራ ስሕተት አይለፉት።

ተቀናሾች ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይሻሉ። ለተሰበረ ዕቃ፣ ለጎደለ ሂሳብ ወይም ለማርፈድ ተብሎ ያለ ማስታወቂያ ከደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብ በብዙ አገሮች ሕግ የተገደበ ነው፤ ያው ስምምነት ቁጥር 95 በአንቀጽ 8 ላይ ደመወዝ የሚቀነሰው በአገሩ ሕግ ወይም ደንብ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በግልግል ውሳኔ በተወሰነው ሁኔታና መጠን ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ሥራ ለማግኘት ወይም በሥራ ላይ ለመቆየት ሲባል ለአሠሪው ወይም ለደላላ የሚሆን ገንዘብ ከደመወዝ መቁረጥንም አንቀጽ 9 ይከለክላል።

በእኔ አመለካከት ከሁሉ የከፋው ግን በወረቀቱ ላይ ፈጽሞ የማይታየው ነው። ግብሩና የጡረታ መዋጮው በዝርዝሩ ላይ በትክክል ተቀንሶ ይታያል፤ ገንዘቡ ግን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ገቢ ሳይደረግ ድርጅቱ ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። የተጣራው ክፍያ ስላልተዛባ ሠራተኛው ቅር የሚያሰኘው ነገር አያይም፤ ጉድለቱን የሚያውቀው ጡረታ ሲወጣ ወይም ታሞ መድን ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ መዋጮውን የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ዘንድ በስምዎ ምን ያህል ወር እንደተመዘገበ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ ይህን ለማወቅ የአሠሪውን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ በቃል መናገር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይሁን። በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይጻፉ፤ ወሩን፣ የሚከራከሩበትን መስመር፣ የተከፈለውንና ሊከፈል ይገባ የነበረውን መጠን፣ ስሌቱን፣ እንዲሁም እስከ መቼ መልስ እንደሚጠብቁ ይግለጹ። ንዴት በደብዳቤው ውስጥ ቦታ የለውም፤ ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ ነገ በተቆጣጣሪ ወይም በዳኛ ፊት ሊነበብ ስለሚችል ነው። በወረቀት ካስገቡ በቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስጽፉ። ቅጂዎቹን በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አያስቀምጡ፤ ከሥራ የታገደ ሰው ወደ ኢሜይሉ መግባት የሚያቅተው በዚያው ሰዓት ነው።

ፊርማ ላይም ይጠንቀቁ። ገንዘብ ሳይቀበሉ በመክፈያ ቅጹ ላይ መፈረም፣ ወይም ከፊሉን ብቻ ተቀብሎ «ሙሉ ክፍያዬን ወስጃለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም፣ በኋላ የሚቀርበውን ክርክር በእጅጉ ያከብደዋል። የቀረበልዎትን ገንዘብ ተቀብለው ከፊርማዎ አጠገብ በእጅ ጽሑፍ የተቀበሉትን መጠንና ቀሪውን እንደሚጠይቁ ማስፈር ይሻላል፤ ይህን የሚከለክል ገንዘብ ያዥ ከገጠመዎ ክልከላውን ራሱን በዚያው ዕለት በጽሑፍ ያሳውቁ።

መልስ ካልመጣ ወይም «በሚቀጥለው ወር» የሚለው ቃል ከተደጋገመ፣ ቀጣዩ ደረጃ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከዚያም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት ነው። የደመወዝ ጥያቄ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ ጥያቄው ተቀባይነት የሚያጣበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ርዝመቱ ከአገር አገር ይለያያል፤ አንዳንድ አሠሪዎች ተስፋ እየሰጡ የሚያጓትቱትም ጊዜው እንዲያልፍ ነው። ስለዚህ በውስጥ እየተነጋገሩም ቢሆን ቀኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ተመሳሳይ ጉድለት የደረሰባቸው ባልደረቦች ካሉ አቤቱታውን አብረው ያቅርቡ፤ የብዙዎች ጥያቄ የአንድ ሰው ጠብ ተደርጎ ለመቆጠር ያስቸግራል። ክፍያ እስኪስተካከል ብሎ ከሥራ መቅረትን ግን አልመክርም፤ ሕጉ ካልፈቀደልዎት በስተቀር አሠሪው ጉዳዩን ወደ ሥራ ማቋረጥ ያዞረዋል።

ስሕተቱ በተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም ትርፍ ገንዘብ ሲገባ፣ ዝም ማለት አያዋጣም። ቀድመው በጽሑፍ ያሳወቁ ሠራተኛ ተመላሹ በአንድ ወር ተጠራርጎ እንዳይወሰድ፣ በክፍልፋይ እንዲሆን የመደራደር አቅም ይኖራቸዋል።

ድርጅቱ ሊዘጋ እንደሆነ ከተሰማ ደግሞ መጠበቅ አይገባም። በስምምነት ቁጥር 95 አንቀጽ 11 መሠረት አሠሪው ሲከስር ሠራተኞች ቅድሚያ የሚሰጣቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ሆነው ይቆጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ስምምነት ቁጥር 173ም ይህን ጥበቃ ያሰፋዋል። ቀዳሚነቱ የሚጠቅመው ግን ጥያቄውን በጊዜው ላስመዘገበ ሰው ነው፤ የንብረት አጣሪው ማን እንደሆነ፣ ጥያቄ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነና ያልተከፈለው የዓመት ፈቃድ ገንዘብም አብሮ ይያዝ እንደሆነ በዚያው ሳምንት መጠየቅ ያስፈልጋል።