ከኮምቦልቻ ወደ ጨፋ

ከደሴ ስንነሳ ጋቢ ለብሼ ነበር። ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያልን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሸሚዙም በዛብኝ።

ያደርኩበት ፔንሲዮን አጎበሩ ቀዳዳ ነው። ሙቅ ውሃ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ልጅቷ «በዚህ ሙቀት ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ችግሩ ቀዝቃዛውም አልነበረም። ሌሊቱን ከትንኝ ጋር ስንጠፋጠፍ ነጋ።

ጠዋት ባለባጃጁ እንግዳነቴን አውቆ 150 ብር ላጠኝና ወንዝ ዳር አወረደኝ። ለዮሌና ወርቃ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ቦርከና ወንዝ የሚገቡ ጅረቶች ናቸው። እኔ የአቃቂን ሽታ የለመድኩ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሆኖም አፍንጫዬን ያዝኩ።

ሐርቡን አልፌ ጨፋ ወረድኩ። ቦርከና እዚህ ረግረግ ውስጥ ይንሰራፋል። በበጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት የሚመጣበት ሜዳ ነው። አንድ ከብት የሚጠብቁ አባት አገኘሁ።

«አባባ፣ ከብቶቹ ይህንኑ ነው የሚጠጡት?»

«ታዲያ ከየት ይምጣላቸው ልጄ?»

አንድ ፊላ፣ ረግረግ ላይ የሚበቅለውን ረጅም ተክል፣ በቢላቸው ቆርጠው ሰጡኝ። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ብቻ ነው። አየር በዚያ በኩል እስከ ሥሩ ይወርዳል፤ ሥሩ ዙሪያ ያሉ ባክቴሪያዎች በዚያ አየር ቆሻሻውን ይበላሉ። ተክሉ ራሱ ከውሃው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይመጥጣል። ታጭዶ ካልወጣ ግን በስብሶ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣውን ክሮም የሚባል ብረት ደግሞ የሚበላው የለም። ሥርና ጭቃ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ስቀባጥር አዳመጡኝና፣ «እና ከብቴ ከሚግጥበት ይልቅ እዚያው ፋብሪካው ደጅ ቢተክሉትስ?» አሉ።

እኔ አንድ ሰዓት ልፈጅበት የነበረውን ነገር ጨረሱት። የሚሠራውም እንደዚያ ነው፤ ክሮሙ ቀድሞ በኬሚካል ይወጣል፣ የተረፈው ፍሳሽ ጠጠር በተሞላ ገንዳ ውስጥ በፊላና በደንገል ሥር ቀስ እያለ ያልፋል። ቦታ ይፈልጋል። በየጊዜው የሚያጭድ ሰውም ይፈልጋል። «አጫጅ በኛ አገር ይጠፋል?» ብለው ሳቁብኝ።

አውቶቡስ ስጠብቅ ፊቴ ጠቆረ መሰለኝ፣ «አብሽር» ብለው ራሳቸው አንድ አይሱዙ አስቆሙልኝ። ሾፌሩ ሂሳብ አልቀበልም አለ። በምትኩ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ስለ ጎማ ዋጋ አማረረልኝ።